ማግኔት የማይይዘው የማይዝግ ብረት

በዘመናችን ወደ ወጥ ቤት ከገቡት ዕቃዎች መካከል እንደ ማይዝግ ብረት የተወደደ ጥቂት ነው። ድስቱ፣ ማንኪያው፣ ሹካው፣ ማንቆርቆሪያው፣ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣው መዝጊያ ከዚሁ ብረት እየተሠሩ ለገበያ ይቀርባሉ፤ ሲታጠቡ እንደ ብር ያብረቀርቃሉ፤ ውሃ ቢያድርባቸውም በቀላሉ አይዝጉም። ነገር ግን ይኸው ብረት ብዙ ባለትዳሮችን ግራ የሚያጋባ አንድ ጠባይ አለው። በአሮጌው ነጭ ማቀዝቀዣ ላይ የልጆችን ሥዕልና የመብራት ደረሰኝ ደግፎ የኖረው ትንሽ ማግኔት፣ በአዲሱ አንጸባራቂ መዝጊያ ላይ ሲያኖሩት ተንሸራትቶ ከወለል ላይ ይወድቃል።

ከዚህም የተነሣ በገዢና በሻጭ መካከል ሁለት ዓይነት ክርክር ይነሣል። አንዱ ገዢ፣ «ማግኔት ካልያዘው ብረት አይደለምና ተታልያለሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፣ «እውነተኛው የማይዝግ ብረት ማግኔት የማይይዘው ነው፤ ይህ ግን ስለ ያዘው ተራ ብረት አንቆጥቁጠው ሸጡልኝ» በማለት ዕቃውን ሊመልስ ይመጣል። ሁለቱም ገንዘባቸውን ለመጠበቅ ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ማግኔቱን የሚጠይቁት እርሱ የማያውቀውን ጉዳይ ነው። እኛም ማግኔት ስለ ወጥ ቤት ዕቃ የትኛውን ጥያቄ መመለስ እንደሚችል፣ የትኛውንም እንደማይችል በዚህ ገጽ እንገልጻለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል፤ ይህም አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት አንባቢዎቻችን ይጠቅማቸዋል። «ብረት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሰፊ ነው። ወርቁንም፣ መዳቡንም፣ ቆርቆሮውንም በአንድነት ለመጥራት ሲፈለግ «ብረታ ብረት» ይባላል። ከሸክላ ድስት ለመለየት ሲባልም ማናቸውም የማዕድን ድስት «ብረት ድስት» ተብሎ ይጠራል፤ ከእነዚህ ብረት ድስቶች ብዙዎቹ ግን ከአሉሚኒየም የተሠሩ ስለ ሆኑ ከስማቸው በቀር ብረት የላቸውም። እንግዲህ ማግኔት የማይይዘው ብረት ድስት ባገኘን ጊዜ አስቀድመን የምንጠይቀው፣ ነገሩ አሉሚኒየም ነውን ወይስ የማይዝግ ብረት ነውን ብለን ነው። አሉሚኒየም ቀለል ይላል፣ መልኩም ዳለቻ ነው፤ የማይዝግ ብረት ግን ከበድ ብሎ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። በአሉሚኒየሙ ምሥጢር የለበትም። ምሥጢሩ ያለው በሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ይህ ማግኔት የማይይዘው ዕቃ ከመቶ 70 እጅ የሚበልጠው ያው ማግኔት የሚስበው ብረት ነው።

የማይዝግ ብረት የተባለበት ምክንያት ክሮሚየም የሚባል ሌላ ማዕድን ስለ ተቀላቀለበት ነው። የክሮሚየሙ ልክ ከመቶ 10.5 እጅ ያላነሰ ሲሆን፣ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዕቃው ፊት ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ይሠራል፤ የሽፋኑም ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮናዊ እጅ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ይህ ሽፋን በዓይን አይታይም። ቢላዋ ቢቧጭረው አየር እስካገኘው ድረስ ወዲያው ራሱን ይጠግናል፤ ስለዚህ እንደ ቀለም ወይም እንደ ንጣጭ ተላጦ የሚያልቅ አይደለም። ዝገትን የሚከላከለው ይህ ክሮሚየም እንጂ ማግኔት አለመያዙ አለመሆኑን አንባቢያችን ከወዲሁ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ ታሪኩም በአንድ ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ ልጆች እንደ ተወለዱ ያሳየናል። በቀድሞው የአማርኛ አነጋገር ጠመንጃም «ብረት» ይባል ነበር፤ የማይዝገው ብረት የተገኘውም ለጠመንጃ ሲባል በተደረገ ምርመራ ነው። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ የብረት ሊቅ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ በተኩሱ ሙቀት እየተበላ ስለ ተቸገሩበት ይህን የሚቋቋም ብረት እንዲፈልግ ታዝዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1913 ከመቶ 12.8 እጅ ክሮሚየምና 0.24 እጅ ካርቦን ያለበትን ብረት አቀለጠ። በማጉያ መነጽር ሊመረምረው ፈልጎ እንደ ልማዱ አሲድ ቢቀባው ብረቱ አልበላ አለው። ሼፊልድ ከጥንት ጀምሮ የቢላዋ ሠሪዎች ከተማ ናትና ብሪርሊ ከጠመንጃው ይልቅ ለገበታ ቢላዋ እንደሚስማማ ተረዳ። በከተማው ኧርነስት ስቱዋርት የተባለ የቢላዋ ፋብሪካ ኃላፊ በኮምጣጤ፣ ማለት የወጥ ቤት ሰው አቼቶ በሚለው፣ ከፈተነው በኋላ በእንግሊዝኛ ዛሬ የሚጠራበትን ስም እንዳወጣለት ይነገራል።

ከዚሁ ጊዜ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ በክሩፕ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር ክሮሚየሙን ብቻ ሳይሆን ኒኬልንም ጨምረው ሌላ ዓይነት የማይዝግ ብረት አገኙ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ብዙ ወረቀት ፈጅቷል፤ እኛ ግን እርሱን ለባለጉዳዮቹ አገሮች እንተወዋለን። ለእኛ የሚጠቅመን ልዩነቱ ነው። የሼፊልዱን ብረት ማግኔት ይይዘዋል፤ የኤሰኑን አይይዘውም። ሁለቱም ግን የማይዝጉ ናቸው።

እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ዛሬም ድረስ በአንድ ገበታ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። ጥሩ የሚባለውን የማንኪያ፣ የሹካና የቢላዋ ስብስብ አውጥቶ በማግኔት ለፈተነ ሰው፣ የቢላዋው ስለት ከማግኔቱ ጋር ሲጣበቅ ማንኪያውና ሹካው ዝም ይላሉ። ነገሩን ያልተረዳ ሰው ስብስቡ ከሁለት ሱቅ የተለቃቀመ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ስለት ያለው ዕቃ በእሳት ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ በመነከር መጠንከር አለበት፤ እንዲህ ያለውን ማጠንከሪያ የሚቀበለው የሼፊልዱ ዘር ነው። ማንኪያና ሹካ ግን ስለት ስለማያስፈልጋቸው፣ ጨውና ሎሚን ይበልጥ ከሚችለው ከኤሰኑ ዘር ይሠራሉ።

እንግዲህ ኒኬል ቢጨመርበት ማግኔት የሚሸሸው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ወደ ብረቱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የብረት አቶም ራሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በተራ ብረት ውስጥ እነዚህ አቶሞች በመንደር በመንደር ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ የአንድ መንደር አቶሞች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራሉ፤ መንደሮቹ ግን እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ብረቱ በውጭ በኩል ኃይሉ አይታወቅም። ማግኔት ሲቀርብ መንደሮቹ ወደ እርሱ ይዞራሉ፤ ኃይላቸውም ስለሚደመር ብረቱ ይሳባል። የመንደሩ ስምምነት የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በአቶሞቹ አቀማመጥ ነው።

ተራው ብረት ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ እንደ ሣጥን ይደረደራሉ፤ በሣጥኑ ስምንት ማዕዘኖች አንዳንድ አቶም፣ በሣጥኑም መካከል አንድ አቶም ይቀመጣል። ባለ እጁ በወናፉ እየነፋ ብረቱን ሲያግለው ግን፣ ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ የመንደሩ ስምምነት ይፈርስና ማግኔት አይስበውም፤ 912 ዲግሪም ሲደርስ አቀማመጡ ራሱ ይለወጣል። በሣጥኑ መካከል የነበረው ቦታ ባዶ ይሆንና በስድስቱ ገጾች መካከል አንዳንድ አቶም ይቀመጣል። ይህን ሁለተኛውን አቀማመጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ገበያ ይሂድ፤ ብርቱካን ሻጭ ፍሬዎቹን ክፍተት እንዳይኖር አድርጎ እንደ ተራራ የሚከምርበት መንገድ ይኸው ነው። ተራ ብረት ሲበርድ ወደ ቀድሞው አቀማመጡ ይመለሳል። ኒኬል ከመቶ 8 እጅ ያህል ከክሮሚየሙ ጋር ሲገባበት ግን መመለሱን ይከለክለዋል፤ ብረቱ ቢበርድም የብርቱካኑን አቀማመጥ እንደ ያዘ ይቀራል፤ በዚህም አቀማመጥ መንደሮች ስለማይቋቋሙ ማግኔት የሚይዘው ነገር ያጣል። የሚያስገርመው፣ ኒኬል ለብቻው ሲሆን ማግኔት የሚስበው ማዕድን መሆኑ ነው። ማግኔት የሚወዳቸው ሁለቱ ተጋብተው ማግኔት የማይወደውን ልጅ ወለዱ ማለት ነው።

ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው ደግሞ ይህ ነው፤ ኒኬል ያለበት ብረት በብርዱ ሲታጠፍና ሲጨመቅ ጥቂቱ ክፍል ወደ ማግኔት ያዥነት ይለወጣል። ስለዚህ በመጭመቂያ ተስቦ የተሠራ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ በዝርግ ጠርዙ ላይ ማግኔትን ጨርሶ አይዝም፤ ከታች ከታጠፈው ማዕዘኑ ላይ ግን ላላ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። አንድ ገንዳ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጠ ተብሎ ሻጩ ሊወቀስ አይገባውም።

ስለ ማቀዝቀዣው መዝጊያ የሚነሣው ጥያቄ በዚሁ ይመለሳል። አሮጌው ነጭ መዝጊያ ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ስለ ነበረ ማግኔት ይይዘዋል። አዲሱ ኒኬል ካለበት ብረት ከተሠራ አይይዘውም፤ ኒኬል ከሌለበት ከተሠራ ይይዘዋል። የልጆቹን ሥዕል መስቀያ ለሚፈልጉ እናቶች፣ የብዙ ማቀዝቀዣዎች ጎንና ጎን ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ስለ ሆነ እዚያ ቢሞክሩት መልካም ነው። ሆኖም አንድ ሰው፣ «መዝጊያው ማግኔት የማይይዝ ከሆነ በማግኔት እንዴት ይዘጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በመዝጊያው ዙሪያ ባለው ለስላሳ ጎማ ውስጥ የማግኔት ጥብጣብ ተሰፍቷል፤ እርሱም የሚጣበቀው በማቀዝቀዣው አካል ላይ ባለው ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ላይ እንጂ በመዝጊያው አንጸባራቂ ፊት ላይ አይደለም።

ይህ ጥብጣብ የብዙ ሕፃናትን ነፍስ ያዳነ ነው። ቀድሞ ማቀዝቀዣዎች የሚዘጉት ከውጭ ብቻ በሚከፈት መቀርቀሪያ ነበር። ሕፃናት ድብብቆሽ ሲጫወቱ በተጣለ አሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ እየገቡ፣ መዝጊያው ሲዘጋባቸው ከውስጥ መክፈት ስለማይችሉ አየር አጥሯቸው ይሞቱ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1956 ማናቸውም ለቤት የሚሆን ማቀዝቀዣ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት ይሁን ብሎ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ከ1958 ጀምሮ በተሠሩት ላይ ጸና። ፋብሪካዎቹ መቀርቀሪያውን ትተው ማግኔቱን ተቀበሉ። መቀርቀሪያ ያለው የጥንት ማቀዝቀዣ በግቢው ጥግ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር፣ መዝጊያውን ዛሬውኑ ከማጠፊያው ነቅሎ እንዲለየው አጥብቀን እንመክራለን።

ወደ ገበያው ክርክር ስንመለስ፣ ማግኔት የጥራት ዳኛ ሊሆን የማይችለው በሁለት ወገን እንደሚሳሳት ስለምናውቅ ነው። በአንድ በኩል፣ ማግኔት የሚይዘው 430 የተባለው ዓይነት ከመቶ ከ16 እስከ 18 እጅ ክሮሚየም ያለው ትክክለኛ የማይዝግ ብረት ነው፤ ኒኬል ውድ ስለ ሆነ በዋጋው ይረክሳል፤ ለመደርደሪያ፣ ለመዝጊያና ለድስት ክዳን በሚገባ ያገለግላል። በሌላ በኩል፣ 201 የተባለው ዓይነት ከኒኬሉ ብዙውን ቀንሰው በምትኩ ማንጋኒዝ የጨመሩበት ስለ ሆነ ማግኔት አይይዘውም፤ ዝገትን የመቋቋም ኃይሉ ግን 304 ከተባለው ያነሰ ነው። ማግኔት ይዞ ገበያ የወጣው ገዢ እነዚህን ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ በመልክም አንድ ናቸው።

የሚረዳው በዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። 18/10 ወይም 18/8 የሚል ቢገኝ የመጀመሪያው የክሮሚየሙን፣ ሁለተኛው የኒኬሉን ልክ ከመቶ ይናገራል፤ 18/0 የሚለው ኒኬል የለበትም ማለት ነው፤ እርሱንም ማግኔት ይይዘዋል። ቁጥር መቅረጽ ቀላል ስለ ሆነ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ ሻጩ እንዲጽፍለት ቢጠይቅ ከማግኔቱ ይልቅ ይጠቅመዋል። ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት ወጥ ቤት ዕቃ የሚያስገዙ ሹማምንትም በጨረታው ሰነድ ላይ «ማግኔት የማይይዘው ይሁን» ብለው ከጻፉ፣ 201 የሚያቀርበው ነጋዴ ቃሉን ሳያፈርስ ያሸንፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገንዳው ነጠብጣብ ዝገት ሲያወጣም የሚጠየቅ አይገኝም። «304» ብለው ቢጽፉ ግን ዕቃው ሲደርስ በመመርመሪያ ሊረጋገጥ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ማግኔት በእርግጥ የሚያውቀውን አንድ ጉዳይ ደግሞ እናንሣ፤ እርሱም ኢንዳክሽን የተባለው ምድጃ ነው። በዚህ ምድጃ መስተዋት ሥር የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ኮረንቲ አብዛኛውን ጊዜ በሰኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። ይህም በድስቱ ግርጌ ውስጥ ሌላ ኮረንቲ ያስነሣል፤ የሚግለውም ምድጃው ሳይሆን ድስቱ ራሱ ነው። ማግኔት በሚይዘው ብረት ውስጥ ይህ ኮረንቲ በስስ ንጣፍ ተጨናንቆ ስለሚሄድ ብዙ ሙቀት ይሰጣል። ማግኔት በማይይዘው ውስጥ ግን በስፋት ስለሚሄድ የሚያግደው አያገኝም፤ ምድጃውም ድስት እንዳልተጣደ ቆጥሮ ይጠፋል። አሉሚኒየሙ ብረት ድስት ከተለመደው የኢንዳክሽን ምድጃ ጋር የማይስማማው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ማግኔቱን ይዞ መውጣት የሚገባ ነው፤ የሚፈተነው ግን የድስቱ ጎን ሳይሆን ግርጌው ነው። ብልሃተኞች ፋብሪካዎች ድስቱን ኒኬል ካለበት ብረት ሠርተው፣ ከግርጌው ላይ ማግኔት የሚይዘውን ብረት ይለጥፉበታል፤ ጎኑ ማግኔት ጣለ ተብሎ የተመለሰ ብዙ መልካም ድስት አለ። ማግኔቱ በግርጌው መካከል ብቻ ሳይሆን እስከ ዳሩ ድረስ መያዙን ማየት ይገባል፤ የተለጠፈው ብረት ጠባብ ከሆነ ወጡ በመካከል ሲያር በዳር ይቀዘቅዛልና። ባለ ቤቱ ከባሕር ማዶ ዘመድ የላከለትን ምድጃ ተቀብሎ፣ በቤቱ ካሉት ድስቶች አንድም የሚስማማ ቢያጣ፣ የስጦታው ደስታ የስድስት ድስት ዋጋ ያስከፍለዋል። ስለ ጀበናና ስለ ሸክላ ምጣድም እንዲሁ ነው፤ ሸክላ በዚህ ምድጃ ላይ አይግልም። የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራው ከሸክላው ሥር በተቀበረ የሚግል ሽቦ ስለ ሆነ ማግኔት አይጠይቅም፤ በቦታው ይቆይ።

የቀረው የአያያዝ ነገር ነው። ማግኔት ያዘውም አልያዘውም የማይዝግ ብረት ጠላቱ ጨው ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተጨመረ ጨው ሳይሟሟ ግርጌ ላይ ቢቀመጥ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ይቆፍራል፤ ስለዚህ ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሮ ማማሰል ይሻላል። በረኪናም ከጨው የባሰ ነውና ገንዳው ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደር የለበትም። እንደ ምጽዋ፣ እንደ ጅቡቲና እንደ ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ነፋሱ ራሱ ጨው ስለሚያመጣ፣ 430 የተባለው ዓይነት ቶሎ ይነጠብጣል፤ በዚያ ለሚኖሩ ሰዎች ከመቶ ከ2 እስከ 3 እጅ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 የተባለው ይመረጣል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ድስቱ ሳይዝግ የዛገ ይመስላል። ዕቃ የሚታጠብበት ሻካራ ሽቦ ከተራ ብረት የተሠራ ከሆነ፣ ፍርፋሪው በድስቱ ላይ ይቀርና በማግሥቱ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡን አቼቶ በነካ ለስላሳ ጨርቅ ማሸትና በውሃ ማለቅለቅ ነው። ከለቀቀ ዝገቱ የሽቦው ነበር፤ ካልለቀቀና ጣት ሲዳስሰው ጎድጎድ ካለ ግን የድስቱ የራሱ ነው።